የዓለምሰገድ ጆሮ

ዓለምሰገድ ዕድሜውን የፈጀው ቦሌ አየር ማረፊያ ውስጥ አውሮፕላን በማቆም ነው። አብራሪ አልነበረም፣ መካኒክም አልነበረም። ያ ሁሉ ብረት ከሰማይ ወርዶ እያገሳ ወደ ማቆሚያው ሲመጣ፣ ሁለት ቀይ ዱላ ይዞ ፊት ለፊቱ የሚቆመው ሰው እሱ ነበር። ና ሲለው ይመጣል፣ ወደ ቀኝ ሲለው ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አንሥቶ ሲያመሳቅል ደግሞ ቀጥ ይላል። «ሚኒስትርም ይሳፈር ነጋዴ፣ እኔ ቁም ካላልኩ ማንም መሬት አይረግጥም» ይል ነበር። ጉራ ይመስላል እንጂ ሐቅ ነው።

ሰፈሩ ግን የሚያውቀው በእጁ ሳይሆን በጆሮው ነው። ወጣት ሳለ ኦሎምፒያ አካባቢ በአንድ ሠርግ ቤት በኩል ሲያልፍ፣ ከድንኳኑ የሚወጣውን ቴፕ ሰማና ቆም ብሎ፣ «ባትሪው ሊያልቅ ነው፤ ዘፋኙን ደከመው» አለ። በር ላይ የቆሙት ሳቁበት። ሙሽራዋ ገና ከመኪና ሳትወርድ ቴፑ እየጎተተ፣ እየጎተተ ቆመ። ከዚያን ቀን ወዲህ «የዓለምሰገድ ጆሮ» የሚባል ነገር መጣ። ራዲዮ ሊገዛ የሚሄድ ሁሉ እሱን አስከትሎ ይሄዳል፤ ሻጩም ዓለምሰገድን ገና ከሩቅ ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል።

ሚስቱን ምንትዋብንም ያገኛት በዚሁ በሙዚቃ ጣጣ ነው። እሷ የቀበሌው ኪነት ተወዛዋዥ ነበረች፤ እሱ ደግሞ የድምፅ ማጉያውን ተሸክሞ የሚከተል፣ ማንም ያልቀጠረው ባለሙያ። እሷ መድረክ ላይ ወጥታ ትከሻዋን ስትሰብቀው አዳራሹ ያብዳል፣ እሱ ድምፁን ማስተካከል ይረሳል፣ ማጉያው ሲያፏጭ የኪነቱ ኃላፊ ይሰድበዋል። እንዲህ ሆነው ተጋቡ። ከዚያ ልጅ መጣ፣ ወጥ መጣ፣ ኑሮ መጣ፤ ምንትዋብ ሠርግ ካልሆነ በቀር እስክስታ መውረድ ተወች። ጉልበቷን ሕመም ከጀመራት ወዲህ ደግሞ በሠርግም ቢሆን ቁጭ ብላ ማጨብጨብ ሆነ።

ጊዜው የግንባታ ጊዜ ነበር። ቦሌ መንገድ ዳር እስከ ዳር ተቆፍሮ አቧራው ልብስ አላስለብስ ሲል፣ ፎቅ ያልጀመረ ሰው ሁሉ እንደ በሽተኛ «ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ዓለምሰገድም የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች በማኅበር ባገኙት መሬት ላይ ቦሌ ቡልቡላ ቤቱን ሠራ። ጎረቤቱ አዴ ደሪቱ ገና ላሞቻቸውን አልሸጡም ነበርና፣ ከግንቡ ወዲህ ስፒከር፣ ከግንቡ ወዲያ ጥጃ ይጮኻል። ሌላው ሰው ሳሎኑን በሶፋ ሲያጨናንቅ እሱ ለሁለት ትልልቅ ስፒከሮቹ ግድግዳ አስፈረሰ። የወጥ ቤቱን በር ደግሞ ዘፈን በተከፈተ ቁጥር ይንቀጠቀጣል ብሎ ከነመቃኑ አስነቀለው።

«ስፒከሩ ሳሎን አለው፤ እኔ ግን በር እንኳ የለኝም» አለች ምንትዋብ።

እውነቷን ነው። ግን ልብ በሉ፤ የዚህ ቤት ታሪክ የተቃናው በዚያ በተነቀለ በር ነው።

በወር አንድ እሁድ የጆሮ ማኅበር ይሰበሰባል። ስሙን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። እንደ ጽዋ ማኅበር ተራ ገብተው፣ በየቤታቸው እየዞሩ፣ በልተው ጠጥተው ሙዚቃ የሚሰሙ ሦስት ጎልማሶች ናቸው። አንዱ ገብረእዝጊ ነው፤ ከቴሌ ጡረታ የወጣ፣ ኢንተርኔት ላይ ያነበበውን ሁሉ በቃሉ የሚይዝ ሰው። ሁለተኛው ኤርሳዶ ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፣ ሙዚቃ ይወዳል፣ ከሙዚቃ ይልቅ ግን የምንትዋብን ጥብስ ይወዳል። ሦስተኛው ዓለምሰገድ ነው። ጽዋ ማኅበር የሚመራው ሙሴ እንዳለው ሁሉ እነሱም ሙሴ አላቸው፤ ያ ሙሴ ዓለምሰገድ ነው። ምርጫም ድምፅም አልተደረገበትም። ያ ጆሮ እያለ ማን ይወዳደራል?

አንድ እሁድ ገብረእዝጊ መነጽሩን አስተካክሎ ተናገረ።

«ስማ ዓለምሰገድ፤ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ዘፈን አይደለም፤ ቁጥር ነው። ቁጥሩን መልሶ ድምፅ የሚያደርገው ዳክ የሚሉት ሳጥን ነው። አንተ ይህን የመሰለ ስፒከር ገዝተህ ቁጥሩን የምታስተረጉመው በዚህ በተልካሻ ላፕቶፕ ነው። የንጉሥን ቃል ለሰካራም አስተርጓሚ እንደ መስጠት ማለት ነው።»

«ታዲያ የትኛው ዳክ ይሻላል?» አለ ኤርሳዶ።

«ይኼማ የሙሴያችን ሥራ ነው። እሱ ሰምቶ ይምረጥ። እሱ የመረጠውን እኔም እገዛለሁ፣ አንተም ትገዛለህ።»

ዓለምሰገድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነ። ወዲያው ግን ወሬውን ወደ ጥብሱ መለሰው።

ቦሌ አካባቢ ሆስተስ ዘመድ ያለው ሰው ዕቃ አያጣም። የእህቱ ልጅ ሀይሚ ዱባይ ትበራለች፤ እዚያም አብዱልናስር የሚባል፣ ሀገሩን የሚወድ የድሬዳዋ ልጅ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ አለው። አብዱልናስር ነገሩን ሲሰማ ሁለት ዳክ አስይዞ ላካት።

«ጋሼ፣ ሁለቱንም ቤትዎ ያዳምጧቸው» አለች ሀይሚ ሳጥኖቹን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። «የወደዱትን ያስቀራሉ፣ ሌላውን ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሼ እወስድለታለሁ። በእርስዎ ጆሮ ተማምኖ እኮ ነው! ስለ እርስዎ ነግሬው ነው!»

«ምን ብለሽ?»

«አጎቴ የባትሪ ማለቅ በጆሮው የሚያውቅ ሰው ነው ብዬ።»

አንዱ ዳክ ሰፊ፣ ብርማ፣ ፊቱ ላይ ሰማያዊ መብራት የሚንቦገቦግበት፣ ሲያዩት የሚያስከብር ነው። ሌላው ጥቁር፣ ጠበብ ያለ፣ ከአንዲት ቀይ ነጥብ በቀር ምንም የማያሳይ፣ ሲያነሡት ግን እንደ ወፍጮ መጅ የሚከብድ። ዓለምሰገድ ሁለቱንም ከማጉያው ጋር አገናኘ፤ አንዲት ቁልፍ ወዲህ ሲያዞራት ብርማው፣ ወዲያ ሲያዞራት ጥቁሩ እንዲሠራ አደረገ። ማሲንቆና ከበሮ ያለበት የወሎ ዘፈን ከፈተ። ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ዓይኑን ጨፈነ።

ብርማውን ሰማ። ጥሩ ነው። ጥቁሩን ሰማ። ጥሩ ነው። ደግሞ ብርማውን። ደግሞ ጥቁሩን። ሁለቱም አንድ ናቸው። ቅንጣት ልዩነት የለም።

ዓለምሰገድ ዓይኑን ገለጠ። የፈራው ነገር መጣ።

እውነቱን ካወቀው ሰንብቷል። አንድ የበዓል ማለዳ ቦሌ መድኃኔዓለም ማኅሌት ቆሞ ሳለ፣ የመዘምራኑ እጅ ሲወጣ ሲወርድ፣ ጸናጽሉ እላይ ታች ሲል ያያል፤ ድምፁ ግን የለም። ከበሮው ይሰማዋል፣ የካህናቱ ወፍራም ድምፅ ይሰማዋል፤ ጸናጽሉ ግን በዝምታ ነው የሚወዛወዘው። ሌሎቹ የማይጮህ ጸናጽል የያዙ መስሎት ጥቂት ጠበቀ። ኋላ አጠገቡ ያለው ሰውዬ በጸናጽሉ ምት ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ አየውና ቀስ ብሎ ወጥቶ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። አለቀሰ ብል አይከፋውም፤ አልቅሷልና።

ጥፋቱ የራሱ ነው። መሥሪያ ቤቱ የጆሮ መከላከያ ሰጥቶታል። እሱ ግን በወጣትነቱ ጆሮው ላይ ሳይሆን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ነበር የሚዞር፤ ያምርበት ነበራ! የትኬት ክፍል ልጆች ያዩታላ! ያ ሁሉ ሞተር ጆሮው ሥር ሲያገሳ ኖሮ፣ ቀጫጭኑን ድምፅ ለቅሞ ለቅሞ ከወሰደበት በኋላ ነው እሱ የነቃው። ያን ጊዜ ለማን ይናገር? ሙሴው ባሕሩን መክፈል አቃተው ብሎ ማን ያውጅ? ዝም አይነቅዝም ብሎ ዝም አለ።

አሁን ግን ዝምታው ሰው ሊያስከፍል ነው። ገብረእዝጊ ከጡረታው፣ ኤርሳዶ ከሱቁ አውጥተው እሱ ያለውን ሊገዙ ነው። በዘፈቀደ አንዱን ቢጠቁማቸው ወዳጆቹን አታለለ፤ እውነቱን ቢነግራቸው የዓለምሰገድ ጆሮ የሚባለው ነገር ሞተ። ያ ጆሮ ከሌለ ደግሞ እሱ ማን እንደሆነ ራሱም አያውቅም።

ብልሃት ፈለገ። ተራው ባይሆንም በሚቀጥለው እሁድ ማኅበሩን ቤቱ ጠራ፤ «የእናንተንም አስተያየት ልስማ ብዬ ነው» ብሎ። ከእነሱ አፍ ፍርዱን ሰምቶ የራሱ ሊያደርገው አስቧል።

የሰውን ቤት ጥብስ እየበሉ የሰውን ዕቃ መንቀፍ በየትኛው ሀገር ነው ያለ? ብርማው ሲዘፍን ኤርሳዶ ጎረሰና፣ «አቤት! ይኼ ነው እንጂ!» አለ። ጥቁሩ ሲዘፍን ደግሞ ጎረሰና፣ «አቤት! ይኼ ነው እንጂ!» አለ።

«ለይተህ ንገረኝ እንጂ፣ የቱ ይሻላል?»

«አንተ የያዝከው ሁሉ መልካም ነው፤ ቤትህ ይባረክ። ምንትዬ፣ ቃሪያ አለሽ?»

ገብረእዝጊም ያው ነው። ስለ ብርማው ያነበበውን ተናገረ፣ ስለ ጥቁሩ ያነበበውን ተናገረ፣ በመጨረሻም «ፍርዱ የሙሴያችን ነው» ብሎ እጁን ታጠበ። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ሁሉም ያመሰግናል፣ ማንም አይነግርህም። ይባስ ብሎ ገብረእዝጊ ሊወጣ ሲል በር ላይ ቆመ።

«በሚቀጥለው እሁድ ግን ነገሩን በወጉ እናድርገው። ዓይን ጆሮን ያታልላል ይላሉ። ሳጥኖቹን በነጠላ እንሸፍናቸው፤ ኤርሳዶ ከነጠላው ሥር ቁልፉን ያዙር፤ አንተ የትኛው እንደሚዘፍን በጆሮህ ብቻ ለይተህ ንገረን። ከዚያ የመረጥከውን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምገዛው!»

ወዳጁ ይህን ያለው በቅን ልቡ ነው። ዓለምሰገድ ግን ያን ምሽት ሳይበላ ተኛ።

በማግስቱ ከሥራ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ቁልፏን ወዲህ ወዲያ ማዞር ያዘ። ምንም የለም። ምንትዋብ በር በሌለው የወጥ ቤት መግቢያ ላይ ተቀምጣ ሰፌድ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። ተስፋ ቆርጦ ዝም ብሎ አያት። ትከሻዋ ጸጥ ብሏል። ቁልፏን ወደ ጥቁሩ አዞረ። ጥቂት ቆይቶ የምንትዋብ ግራ ትከሻ ብድግ አለ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ብድግ አለ። እሷ ዓይኗ ምስሩ ላይ ነው። ወደ ብርማው አዞረ። ትከሻው ተኛ። ወደ ጥቁሩ። ትከሻው ተነሣ።

ዓለምሰገድ ወንበሩን ወደ ወጥ ቤቱ አዞረ።

ይህ ሰው ኑሮውን ሙሉ የሠራው ጆሮ በማያገለግልበት ቦታ ነው። በዚያ የሞተር ጩኸት መሐል ሰው የሚግባባው በእጅና በክንድ ብቻ ነው፤ ምልክት ማለት ለእሱ እንጀራው ነው። ምልክት ሲያይ ደግሞ አይስትም። የወሎውን በጎጃም ለወጠው፣ የጎጃሙን በትግርኛ፣ የትግርኛውን በኦሮምኛ፤ ትከሻው ፍርዱን አልለወጠም። በጥቁሩ ይነሣል፣ በብርማው ይተኛል። ሰው በምላሱ ቤትህ ይባረክ ይላል፤ ትከሻ ግን ይሉኝታ የለውም። ዓለምሰገድ ብድግ ብሎ ሊጮህ ምንም አልቀረውም።

ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያው ሆነ። ከሥራ ይመጣል፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ዘፈን ይከፍታል፣ ሚስቱን ያያል። ሽንኩርት ስትከትፍ ያያታል፣ ሰሃን ስታጥብ ያያታል። ምንትዋብ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ፤ እሷ ፈገግ ትላለች፣ እሱ ደንገጥ ይላል። በሳምንቱ አጋማሽ ለሠርግ ያስቀመጠችውን ሻሽ አሠረች። በኋላም ጸጉሯን ተሠርታ መጣች። እሱ ሻሹንም ሹሩባውንም ልብ አላለም፤ ከአንገቷ በላይ ሥራ የለውማ።

እሁድ ደረሰ። ሁለቱ ሳጥኖችና ማጉያው በምንትዋብ ነጠላ ተሸፈኑ። ኤርሳዶ እጁን በነጠላው ሥር አስገብቶ ቆመ። ዓለምሰገድ ወንበሩን ወደ ስፒከሮቹ አዞረ፤ በዓይኑ ጠርዝ ግን ወጥ ቤቱን ይዟል። ምንትዋብ ጥብሱን ታማስላለች።

ዘፈኑ ተጀመረ። ዓለምሰገድ አገጩን በመዳፉ ደግፎ በጥልቅ የሚያስብ መሰለ። ትከሻዋ ተነሣ።

«ጥቁሩ ነው።»

ነጠላው ሲገለጥ ቀዩዋ ነጥብ በርታለች። ኤርሳዶ አፏጨ። ደግመው ሸፈኑ። ትከሻዋ ተኛ።

«ብርማው።»

ሰማያዊው መብራት ቦግ ብሏል። ደግመው ሸፈኑ፣ ደግሞ አገኘው። ገብረእዝጊ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ኸረ ይህ ሰው ጉድ ነው! ይህን የሚለካ መሣሪያ እኮ የለም!» አለ። ዓለምሰገድ ወንበሩ ላይ ሰፋ ብሎ ተቀመጠ። ድሮ ሠርግ ቤቱ በር ላይ እንደ ቆመው ወጣት ሆኖ ነበር።

«የመጨረሻ አንድ ጊዜ እንድገመውና እንብላ» አለ ገብረእዝጊ። ከዚያም ጨዋ ሰው ስለሆነ ብቻ ወደ ወጥ ቤት ዞረ። «ወይዘሮ ምንትዋብ፣ ምነው እርስዎ ሁልጊዜ ቆመው? ይህን ታሪክ ሳይሰሙ! በሞቴ ይምጡ፣ እዚህ ይቀመጡ።» ወንበር አንሥቶ በክብር አስቀመጣት። ያስቀመጣት ከዓለምሰገድ ጀርባ ነው።

ዘፈኑ ተጀመረ።

ዓለምሰገድ ወጥ ቤቱን አየ፤ ባዶ ነው። መዞር አይችልም፤ ሁሉም እሱን ነው የሚያዩት። ጆሮውን አቀና። ከበሮው አለ፣ የዘፋኙ ድምፅ አለ፤ ሌላው ሁሉ እንደዚያ ቀን ጸናጽል ዝም ብሏል። አንዱን መገመት ይችላል። ቢያገኘው ሙሴነቱ ዕድሜ ልኩን ጸና፤ ቢስተውም ደከመኝ ብሎ ይታለፋል። ኤርሳዶን አየው፤ ኤርሳዶ እንደ ልጅ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ገብረእዝጊን አየው፤ ዓይኑ በአድናቆት ርሷል። እነዚህን ሰዎች ያታልል?

ዓለምሰገድ ተነሣ። ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አንሥቶ አመሳቀለ። አየር ማረፊያ የሠራ ሁሉ የሚያውቀው፣ ያልሠራም ሲያየው የሚገባው ምልክት ነው። ቁም። ኤርሳዶ ደንግጦ ዘፈኑን ዘጋው።

«አልሰማሁም» አለ ዓለምሰገድ። «ዛሬ ብቻ አይደለም። ቀጭን ድምፅ መስማት ካቆምኩ ቆየሁ። ጸናጽል እንኳ አልሰማም። ቅድም ያገኘሁት በጆሮዬ አይደለም፤ የምንትዋብን ትከሻ እያየሁ ነው። ጥሩ ሲሆን ትከሻዋ ይነሣል፣ ካልሆነ ይተኛል። አትግዙ በእኔ ቃል። ይቅር በሉኝ።»

ከግንቡ ወዲያ የአዴ ደሪቱ ጥጃ ጮኸ፤ እሱን እንኳ ሰማው።

«ብርማው ነው» አለች ምንትዋብ ከኋላው።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«አሁን የዘፈነው ብርማው ነው። ከበሮው ከማሲንቆው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይቀራል። ኪነት እያለሁ እንዲህ ያለ ከበሮ መቺ ነበረን፤ መውረጃ ያሳጣኝ ነበር፤ አስባርሬዋለሁ። ጥቁሩ ላይ ግን ከበሮው እግርህ ሥር ነው የሚያርፈው።»

ኤርሳዶ ነጠላውን ገለጠ። ሰማያዊው መብራት ቦግ ብሎ ቆሟል።

ገብረእዝጊ የሳይንስ ሰው ነው፣ በአንድ አያምንም። ምንትዋብን በራሷ ሻሽ ዓይኗን አስሮ መላልሶ ፈተናት። ዘፈን ለወጠባት፣ ቋንቋ ለወጠባት፣ አንዴም ኤርሳዶን ቁልፉን ሳያዞር እንዳዞረ አስመስሎ እንዲያንኳኳ አደረገው። «አልተነካም፤ አትቀልዱ» አለች። አንድም አልሳተች። በመጨረሻ ገብረእዝጊ ሻሹን ፈትቶ እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«እኔ ወይዘሮ ምንትዋብ፣ እውነቱን ልናገር፤ ያነበብኩትን ነው የምሰማው።»

«እኔ ደግሞ» አለ ኤርሳዶ፣ «ከጥብሱ በቀር የለየሁት ነገር የለም!»

ሳቁ ቤቱን አናጋው። ዓለምሰገድ ብቻ አልሳቀም። ሚስቱን ነው የሚያየው፤ እሷም እሱን።

«ጆሮህን አውቃለሁ እኮ» አለችው ቀስ ብላ፣ ፊት ለፊቱ መጥታ። «ከኋላህ ሆኜ ከጠራሁህ ስንት ጊዜዬ ነው? ዞሬ ፊትህ ሳልቆም አናግሬህ አውቃለሁ? አንተ እስክትነግረኝ ብዬ ነው።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይኼኔ ነው!» አለ ኤርሳዶ። ማንም አልሰማውም።

ምንትዋብ ድንገት ወገቧን ያዘች። «ቆይ ግን! ሳምንቱን ሙሉ ዓይንህን ተክለህ ስታየኝ የከረምከው ለዚህ ሣጥን ነው? እኔ እኮ አዲስ ፍቅር የያዘህ መስሎኝ ሻሽ አሠርኩ! ጸጉሬን ተሠራሁ!»

ዓለምሰገድ ሻሹን አየ። ሹሩባውን አየ። በእውነት የዚያን ጊዜ ነው ያየው። ያቺ መድረክ ላይ ቆማ ማጉያውን ያስረሳችው ልጅ፣ ጥቂት ከብዳ፣ ጥቂት ሸብታ፣ ልትጣላው ተዘጋጅታ ፊት ለፊቱ ቆማለች። ስንት ዘመን ሙሉ ጥሩ ድምፅ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ጆሮ ወጥ ቤት አስቀምጦ በሩን ነቅሎበታል!

«ሣጥኑን ብዬ ነው የጀመርኩት» አለ። «ከሁለተኛው ቀን በኋላ ግን ፍርዱን አውቄዋለሁ። ታዲያ ለምን ሳምንቱን ሙሉ ሳይ ከረምኩ?»

ምንትዋብ ሻሿን ከገብረእዝጊ እጅ ተቀብላ መልሳ አሠረች።

ሰኞ ሀይሚ ብርማውን ይዛ ወደ ዱባይ በረረች፤ ለአብዱልናስር ሁለት ሌላ ጥቁር እንዲልክ መልእክት ይዛለች፤ አንዱ ለገብረእዝጊ፣ አንዱ ለኤርሳዶ። የጆሮ ማኅበርም ሙሴውን ለወጠ። አዲሱ ሙሴ ሴት ናት፤ የመጀመሪያ ትእዛዟም እሁድ እሁድ ጥብሱን የሚጠብሱት ወንዶቹ እንዲሆኑ ነበር። የኤርሳዶን ጥብስ ለመብላት ግን ብዙ ይሉኝታ ያስፈልጋል። ዓለምሰገድ ሐኪም ቤት ሄዶ ጆሮው ላይ ትንሽ ማዳመጫ ያስገጠመውም ከዚያ ወዲህ ነው፤ ምንትዋብ ይዛው ሄዳ።

አሁን ግን ወደዚያ እሁድ እንመለስ። ኤርሳዶ ሳይታዘዝ ቁልፏን ወደ ጥቁሩ አዞረና የወሎውን ዘፈን ከመጀመሪያው ከፈተ። ዓለምሰገድ ከሳሎኑ መሐል ጠረጴዛውን ገፍቶ ቆመ። እግሩን ገጠመ፣ ደረቱን ነፋ፤ ያን ሁሉ አውሮፕላን ባመጣበት ምልክት ሁለት ክንዱን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ቀስ እያለ ወደ ራሱ አጠፋቸው። ነይ። ነይ።

«ኧረ ጉልበቴ!» አለች ምንትዋብ። ትከሻዋ ግን ቀድሟት ተነሥቶ ነበር። ነጠላዋን ከሣጥኖቹ ላይ አንሥታ ወገቧን አሠረችና መጣች። ትከሻዋ ሲሰበቅ ገብረእዝጊ በጩኸት አጨበጨበ፣ ኤርሳዶ እስክስ አለ። አንድ አውሮፕላን ከቤቱ ክዳን በላይ እያገሳ አለፈ፤ ሌላ ጊዜ እሱ እስኪያልፍ ዘፈኑን አቁመው ይጠብቁ ነበር፣ አሁን ግን ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ዓለምሰገድ ማሲንቆውን አይሰማም። ከእሷ ትከሻ ላይ ግን እያንዳንዷን ጭረት እያየ ያነባት ነበር፤ ፊቱ እንባ በእንባ ሆኖ ይስቃል። ወደ ቀኝ አላት፣ ወደ ቀኝ ወረደች። ወደ ግራ አላት፣ ወደ ግራ ወረደች። ቁሚ የሚለውን ምልክት ግን ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ አላሳያትም።